ሊደርሺፕን በሊበራል አርትስ ዲግሪ ለመማር፦ ከኮርስ ምርጫ እስከ ማጠናቀቂያ ጽሑፍ

«መሪነት መማር እፈልጋለሁ፤ ግን ዩኒቨርሲቲዬ ሊደርሺፕ የሚባል ዲፓርትመንት የለውም። ምን ልመዝገብ?» ይህ ጥያቄ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር ይመጣል። ተከትሎት የሚመጣ ሌላም አለ፦ «ዲፓርትመንቱ ካለስ፣ እዚያ ገብቶ መጨረስ አይበቃም?» ለሁለቱም ጠያቂዎች የሚሠራው ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ እሱን ከዚህ በታች አስቀምጠነዋል።

መመሪያው የሚያገለግለው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ሊበራል አርትስ ስንል ተማሪው ከሰብዓዊ ጥናት፣ ከማኅበራዊ ሳይንስ፣ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከሒሳብ እየወሰደ በዚያ ላይ አንድ ዋና የትምህርት ዘርፍ (ሜጀር) የሚይዝበትን አሠራር ማለታችን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ዩኒቨርሲቲ የገባችሁበት ዓመት የኮርስ ካታሎግ። በአብዛኛው የምትመረቁት በገባችሁበት ዓመት መስፈርት ስለሆነ የዘንድሮውን ይዞ ማቀድ ያሳስታል።
• ከሬጅስትራር የሚገኝ፣ የወሰዳችሁትንና የቀራችሁን የሚያሳይ የዲግሪ መስፈርት ዝርዝር።
• ያለፉት 4 ሴሚስተሮች የኮርስ ፕሮግራም።
• ልትወስዷቸው ያሰባችኋቸው ኮርሶች ሲላበስ፣ ማለትም የኮርሱ ዝርዝር ዕቅድ። ዲፓርትመንቱን ወይም መምህሩን ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም።
• በኤክሴልም ሆነ በወረቀት የተሠራ ባለ 8 ዓምድ ሰንጠረዥ፤ ለእያንዳንዱ ሴሚስተር አንድ ዓምድ።
• ለውሳኔ መዝገብ ብቻ የሚውል አንድ ደብተር።

1. መንገዳችሁን ለዩ

በመጀመሪያ ካታሎጉ ውስጥ ምን እንዳለ እዩ። መሪነት ሙሉ ሜጀር ሆኖ የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ። አሜሪካ ቨርጂኒያ በሚገኘው የሪችመንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው የጄፕሰን የአመራር ጥናት ትምህርት ቤት አንዱ ነው፤ እዚያ ፍልስፍናው፣ ታሪኩ፣ ፖለቲካውና ሥነ ልቦናው በመሪነት ጥያቄ ዙሪያ ተሰብስቦ ይሰጣል። ሌላ ቦታ ማይነር (ከሜጀር ጎን የሚያዝ አነስተኛ ዘርፍ) ወይም ሰርተፊኬት ሆኖ ይገኛል፤ በዚህ ጊዜ ሜጀራችሁ ሌላ ነው። እንደ ጋናው አሸሲ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያጠናውንም ቢዝነስ የሚያጠናውንም ተከታታይ የመሪነት ሴሚናር ያስወስዳሉ።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ከምርጫ ኮርሶች ራሳችሁ ትገነባላችሁ። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው የነደፈውን ሜጀር ያጸድቃሉ፤ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ኃላፊነት የሚወስድ መምህርና በጽሑፍ የቀረበ ዕቅድ ይጠይቃሉ። ማመልከቻው ከሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በፊት መግባት ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ ከፍተኛ ኮርሶችን በቅደም ተከተል ለመውሰድ የሚበቃ ሴሚስተር አይተርፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዩኒቨርሲቲው ውጭ «የሊደርሺፕ ዲግሪ በ6 ወር» ብሎ ለሚያስተዋውቅ ማንም አንድ ሳንቲም አትክፈሉ። ከመመዝገባችሁ በፊት ተቋሙ ዕውቅና እንዳለው ከአገሩ የዕውቅና ሰጪ አካል ዝርዝር ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ። ተቋሙ ድረ ገጹ ላይ የለጠፈው ማኅተም ማስረጃ አይሆንም።

2. ክሬዲቱን ቁጠሩ

የአራት ዓመቱ ዲግሪ በአሜሪካ አሠራር ወደ 120 ክሬዲት ነው፤ በ8 ሴሚስተር ሲካፈል በሴሚስተር 15። ለሁሉም የሚሰጡት የጋራ ኮርሶች 42 ክሬዲት ቢሆኑ፣ ሜጀሩ 40 ቢወስድና ለመሪነት 18 ብትመድቡ 20 ክሬዲት ይተርፋችኋል። ይህ ትርፍ ለቋንቋ፣ ለወደቀ ኮርስና ለሐሳብ መለወጥ የሚሆን መጠባበቂያ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው አትጨርሱት። በአውሮፓ የክሬዲት አሠራር ዓመቱ 60 ክሬዲት፣ የመጀመሪያ ዲግሪው 180 ወይም 240 ነው።

ሰዓቱንም አስሉ። በአሜሪካው ልማድ 1 ክሬዲት በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይወስዳል። 15 ክሬዲት ማለት እንግዲህ በሳምንት 45 ሰዓት ነው፤ 18 ከሆነ 54። ብዙ ተማሪ 18 ክሬዲት ወስዶ በዚያው ሴሚስተር የክበብ ሰብሳቢ ይሆናል። ውጤቱም ይወርዳል፣ ክበቡም ይፈርሳል። ከባድ ኃላፊነት የምትይዙበትን ሴሚስተር ከ12 እስከ 15 ክሬዲት ባለው ውስጥ ያዙት። የገንዘብ ድጋፍ የምታገኙ ከሆነ ግን ዝቅተኛው ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ኮርስ ለሜጀርም ለማይነርም ሊቆጠር ይችል እንደሆነም አጣሩ። ብዙ ቦታ ለሁለቱም የሚቆጠረው ከ1 ወይም ከ2 ኮርስ አይበልጥም። ይህን ሳያጣሩ የሄዱ ሰዎች የሚያውቁት የመጨረሻው ሴሚስተር ላይ ነው።

3. ሥር የምትሰዱበትን ሜጀር ምረጡ

ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ፖለቲካ ሳይንስ፣ ሥነ ልቦና፣ ሶሺዮሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፤ ከእነዚህ የትኛውም ይሆናል። መስፈርቱ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሰለቹ ልታነቡት መቻላችሁ ነው። አንድ ዘርፍ ጠልቆ መያዝ ያስፈለገው ማስረጃ እንዴት እንደሚመረመር የሚማሩት እዚያ ስለሆነ ነው። ከየዲፓርትመንቱ አንድ አንድ መግቢያ ኮርስ ብቻ የለቀመ ተማሪ ስለ ሁሉም ማውራት ይችላል፤ የቀረበለት ሪፖርት ግን ትክክል ይሁን ስህተት መለየት ያቅተዋል። መሪ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚቀርብለት ሪፖርት ነው።

4. ኮርስ በስሙ ሳይሆን በሚመልሰው ጥያቄ ምረጡ

ካታሎግ ላይ «ሊደርሺፕ» የሚል ቃል እየፈለጉ መሰብሰብ በብዛት የምናየው ስህተት ነው። ስሙን የያዙ አምስት ኮርሶች ብትወስዱ ሦስቱ ተመሳሳይ ንድፈ ሐሳቦችን ይደጋግሙላችኋል። ከዚያ ይልቅ ሰንጠረዡ ላይ እነዚህን ጥያቄዎች ጻፉና በእያንዳንዱ ትይዩ ቢያንስ አንድ ኮርስ አስገቡ።

ሀ) ምን ማድረግ ይገባል? የሥነ ምግባር ፍልስፍና። የኮርሱ መግቢያ ብቻ አይበቃም፤ ተጨባጭ ጉዳዮችን የሚያከራክር፣ አቋማችሁን በጽሑፍ የሚያስሟግት ይሁን።

ለ) ሰው በቡድን ውስጥ ሲሆን ለምን ይለወጣል? ማኅበራዊ ሥነ ልቦና ወይም የድርጅት ሶሺዮሎጂ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ ተሳታፊዎች የመስመር ርዝመት እንዲያወዳድሩ ተጠይቀው ነበር፤ ሌሎቹ ተስማምተው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ ብዙዎቹ በዓይናቸው ያዩትን ትተው ቢያንስ አንድ ጊዜ ከቡድኑ ጋር ሄዱ። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር ግን የሚከተለው ሰው በእጅጉ ቀነሰ። ስብሰባ የሚመራ ሰው ይህን ካላወቀ የክፍሉን ዝምታ ስምምነት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሐ) ቁጥሩ ምን ይላል? ስታቲስቲክስ። በብዛት የሚሸሸው ይሄኛው ነው፤ በእኛ ግምት መዝለል የሌለባችሁም ይሄኛው ነው። ምክንያቱን ተራ ቁጥር 6 ላይ በምሳሌ ታገኙታላችሁ።

መ) ሌላውን ሰው በምን አሳምናለሁ? የክርክር ጽሑፍ አንድ፣ በሕዝብ ፊት መናገር አንድ። ሁለቱ አይተካኩም።

ሠ) ሥልጣን ከየት ይመጣል፣ በምንስ ይገደባል? የፖለቲካ ንድፈ ሐሳብ፣ የሕግ መግቢያ ወይም የተቋማት ታሪክ።

ረ) ስለ መሪነት ራሱ ምን ተጠንቷል? አንድ የመሠረተ ሐሳብ ኮርስ ይበቃል። ሲላበሱ ላይ ሮበርት ግሪንሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው የአገልጋይ መሪነት፣ ጄምስ ማክግሪገር በርንስ በ1978 በልውውጥ ላይ የተመሠረተውንና ተከታዩንም መሪውንም የሚለውጠውን መሪነት የለየበት ሥራ፣ እንዲሁም ሮናልድ ሃይፌትዝ በታወቀ ዕውቀት የሚፈታውን ችግር ሰዎች አመለካከታቸውንና ልማዳቸውን ካልቀየሩ ከማይፈታው የለየበት ሐሳብ መኖራቸውን እዩ። የሚተቹ ንባቦችም ይኑሩ፤ ሙገሳ ብቻ ከሆነ ኮርሱን እለፉት።

ልብ ወለድ ወይም ድራማ የሚነበብበት አንድ ኮርስ ከጨመራችሁ መልካም ነው፤ የሌላውን ሰው ውሳኔ በእሱ ዓይን ማየት እዚያ ይለመዳል። ክሬዲት ካጠራችሁ ግን ከዚህ ሁሉ በቅድሚያ የሚቀነሰው ይሄ ነው።

5. ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴሚስተሮች ለክርክር ጽሑፍ፣ ለሥነ ምግባር መግቢያና ለሥነ ልቦና መግቢያ ስጧቸው። ስታቲስቲክስ ከአራተኛው ሴሚስተር አይለፍ፤ የምርምር ዘዴ ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ እሱን በቅድሚያ ይጠይቃል፤ ማጠናቀቂያ ጽሑፉ ደግሞ የምርምር ዘዴውን። አንዷ ከዘገየች ሦስቱም ይዘገያሉ። የመሪነት መሠረተ ሐሳቡን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ አድርጉት። ቀደም ብሎ ከተወሰደ ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን የሚመዝንበት ነገር ገና አልያዘም።

ያለፉት 4 ሴሚስተሮች ፕሮግራም የሚጠቅማችሁ እዚህ ላይ ነው። ካታሎግ ላይ የተጻፈ ኮርስ ሁሉ በየዓመቱ አይከፈትም፤ በሁለት ዓመት አንዴ የሚሰጥ አለ፣ መምህሩ በመሄዱ የቆመም አለ። በአራቱ ሴሚስተር አንዴም ያልተከፈተ ኮርስ ካያችሁ በዕቅዱ ውስጥ አታስገቡት።

ሲላበስ ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ በሴሚስተሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጽሑፍ መኖሩን፣ ከጽሑፎቹ አንዱ አስተያየት ተሰጥቶበት እንደገና የሚጻፍ መሆኑንና ከነጥቡ ስንት በመቶ በፈተና ብቻ እንደሚያዝ። ፈተናው 80 በመቶ ከሆነ ሐሳባችሁን የሚያርም ሰው አታገኙም። ጽሑፉን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም አስረክቦ ማለፍ ዛሬ ቀላል ነው፤ ያን ያደረገ ሰው ኮርሱን የወሰደበት ምክንያት ግን አይገባንም።

6. አንድን ክስተት በአራት ዘርፍ አንብቡ

ሊበራል አርትስ ለመሪነት ትምህርት የሚጠቅመው በዚህ ሥራ ነው፤ ጊዜ ስጡት። በየሴሚስተሩ ሁለት እውነተኛ ክስተት ምረጡና ለእያንዳንዱ አንድ ገጽ የጉዳይ ቅጽ ሙሉ። ቅጹ አምስት መስመር አለው፦ ማን ምን ያውቅ ነበር፣ መቼ? የመወሰን ሥልጣን የማን ነበር? ውሳኔውን የገፋው ደንብ ወይም ልማድ የትኛው ነው? በዚያች ሰዓት ሌላ ምን አማራጭ ነበር? እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ብሆን በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን እላለሁ?

አሠራሩን በአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር በቻሌንጀር አደጋ እናሳይ። የጠፈር መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 በተወነጨፈ በ73ኛው ሰከንድ ተሰባብሮ የተሳፈሩት 7 ሰዎች ሞቱ። መንስኤው በረዳት ሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበት በብርድ ምክንያት በፍጥነት አለመድፈኑ ነበር። ዋዜማውን ማታ የሮኬቱ አምራች ኩባንያ መሐንዲሶች በስልክ ስብሰባ ላይ ሙቀቱ ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ከሆነ አይወንጨፍ ብለው ነበር። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት የናሳ ኃላፊዎች ተከራከሯቸው፤ የኩባንያው ሰዎች ለብቻቸው ለመነጋገር ከመስመሩ ወጡ፤ አራት ሥራ አስኪያጆች ብቻ ድምፅ ሰጥተው ምክረ ሐሳቡን ገለበጡት።

አሁን በየዘርፉ እዩት። በስታቲስቲክስ፦ በዚያች ሌሊት የተወዳደሩት ቀለበቱ የተጎዳባቸው በረራዎች ብቻ ነበሩ፤ ጉዳቱ በብርድም በሙቀትም ቀን ስለታየ ሙቀቱ ለውጥ የሚያመጣ አልመሰለም። ምንም ጉዳት ያልታየባቸው ሲጨመሩ ግን ሥዕሉ ሌላ ነው፦ ከ18 ዲግሪ ገደማ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ሲሆን፣ ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች በ4ቱም ነው። መረጃው ነበር፤ ከፊሉ ብቻ መመረጡ ሥዕሉን አጎደለው። በሶሺዮሎጂ፦ ቀለበቱ ቀደም ባሉት በረራዎች ተጎድቶ አደጋ ስላልደረሰ ጉዳቱ ቀስ በቀስ እንደ ተለመደ ነገር ተቆጠረ። በሥነ ምግባር፦ መሐንዲሶቹ ሥጋታቸውን ተናግረዋል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ከቁጥር አልገቡም። አደጋውን የሚሸከሙት ጠፈርተኞች ደግሞ ክርክሩን አያውቁም ነበር። በንግግር ጥበብ፦ «አደገኛ ነው» የሚለውን የሚያረጋግጥ፣ ሙቀትና ጉዳትን ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ግራፍ አልቀረበም፤ መረጃው በየወረቀቱ ተበታትኖ ነበር።

ከዚህ አንዱን ዘርፍ ብቻ የያዘ ሰው ከክስተቱ ሩቡን ያያል። የተለመደው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ቅጹን የሚሞላው ተማሪ መጨረሻውን ስለሚያውቅ «እንዴት አላዩትም!» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ አራተኛውንና አምስተኛውን መስመር የምትጽፉት በዚያች ሌሊት በነበረው መረጃ ብቻ ነው። በኋላ የታወቀውን ካስገባችሁ ሰርዛችሁ ድገሙት።

7. እውነተኛ ኃላፊነት ያዙ፣ ውሳኔውን መዝግቡ

ክፍል ውስጥ ብቻ የተማረ መሪነት በመጀመሪያው ስብሰባ ይፈተናል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አንድ ኃላፊነት ያዙ፦ የማጠናከሪያ ትምህርት ቡድን፣ የተማሪ ጋዜጣ፣ የክርክር ክበብ፣ የዶርም ተጠሪነት። ማዕረጉ ትልቅ መሆን የለበትም። ኃላፊነቱ ግን ሰዎች፣ የተወሰነ ገንዘብ ወይም ዕቃ፣ የጊዜ ገደብም ይኑረው፤ ከነዚህ አንዱም የሌለበት ሹመት ስም ብቻ ነው።

ያንን ደብተር እዚህ ላይ አውጡት። ከበድ ያለ ውሳኔ ከመተግበሩ በፊት እንዲህ ጻፉ፦

«ውሳኔ፦ ማጠናከሪያውን ከዓርብ ወደ ማክሰኞ ማዛወር። ሌሎች አማራጮች፦ ዓርብን ይዞ ሰዓቱን መቀየር፤ ለሁለት ምድብ መክፈል። የምጠብቀው፦ ከ20 ተመዝጋቢ 15 ይመጣል፤ እርግጠኝነቴ 70 በመቶ። የተቃወመች፦ የፕሮግራም ኃላፊዋ፤ ማክሰኞ ላብራቶሪ አለ ብላ። የማየው፦ ከ6 ሳምንት በኋላ።»

በመቶኛው አይቅር። ከ6 ሳምንት በኋላ የመጣው 9 ሰው ቢሆን፣ ደብተሩ ከሌለ አእምሯችሁ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላችኋል። ከ10 እስከ 12 ውሳኔ በኋላ መዝገቡን ስትገልጡት የት የት ላይ ከልክ በላይ እንደምትተማመኑ ይታያችኋል። የተቃወመውን ሰው ምክንያት መጻፍም ግዴታ ነው፤ የሚቃወም ሰው በተከታታይ 5 ውሳኔ ላይ ከጠፋ ችግሩ ስብሰባውን የምትመሩበት መንገድ ላይ ነው።

ኃላፊነቱን ስትጨርሱ አብረዋችሁ ለሠሩ ከ5 እስከ 8 ሰዎች ስም ሳይጻፍበት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ስጡ፦ ምን ልቀጥል? ምን ላቁም? ያልጀመርኩት ምን አለ? ከ5 ካነሱ ማን እንደጻፈው ስለሚታወቅ እውነቱን አይነግሯችሁም።

ኢንተርንሺፕ በክሬዲት ከያዛችሁ ለ1 ክሬዲት ስንት የሥራ ሰዓት እንደሚጠየቅ ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀርብ የክሬዲት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል።

8. ማጠናቀቂያ ጽሑፉን ከ12 ወር በፊት ጀምሩ

«መሪነት በድርጅት ውጤት ላይ ያለው ሚና» የሚል ርዕስ ይዛችሁ ብትሄዱ አድቫይዘሩ ይመልሳችኋል፤ ልክም ነው። ጥያቄው በአንድ ተቋም፣ በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት ማስረጃ መወሰን አለበት። ለምሳሌ፦ «አንድ የተማሪዎች ምክር ቤት በሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤው ውስጥ የተቃውሞ ሐሳቦችን እንዴት መዘገበ፣ ከተመዘገቡትስ ስንቱ ውሳኔ ቀየሩ?» ይህ ሊቆጠር፣ ሊነበብና በ12 ወሩ ውስጥ ሊጠናቀቅ ይችላል።

ሰው ቃለ መጠይቅ የምታደርጉ ከሆነ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ መጀመሪያ አግኙ። ሳምንታት ይወስዳል፤ ከፈቃዱ በፊት የተሰበሰበ መረጃ ደግሞ ብዙ ቦታ ጽሑፉ ውስጥ መግባት አይችልም። ጠፍቶ ይቀራል።

ቁልፉ ያለው ቀን አከፋፈል ላይ ነው፦ ጥያቄውና ንባቡ 3 ወር፣ ፈቃዱ 2 ወር፣ መረጃ መሰብሰቡ 3 ወር፣ መጻፉ 3 ወር፣ እርማቱ 1 ወር። የሚንሸራተተው ሁሌም ፈቃዱ ነው፤ ስለዚህ ንባቡ ሳያልቅ ማመልከቻውን ጻፉ።

9. ወረቀቱን አስተካክሉ

ራሳችሁ የገነባችሁት ስብስብ ትራንስክሪፕት ላይ በስም አይወጣም። ሲቪያችሁ ላይ በአንድ መስመር ግለጹት፦ ሜጀሩን ከጻፋችሁ በኋላ «በመሪነት ላይ ያተኮሩ 18 ክሬዲቶች፦ ሥነ ምግባር፣ ማኅበራዊ ሥነ ልቦና፣ ስታቲስቲክስ…» በሉ። ያልተሰጣችሁን ማይነር እንደተሰጠ አድርጎ መጻፍ ማጭበርበር ነው፤ ቀጣሪ ከሬጅስትራር ሲያጣራ ይወጣል። የድጋፍ ደብዳቤ የምትጠይቁትን መምህር ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ከጉዳይ ቅጾቻችሁ ምርጥ ሁለቱንና የማጠናቀቂያ ጽሑፉን ማጠቃለያ አብራችሁ ስጡት። ስማችሁን ብቻ የሚያስታውስ መምህር የሚጽፈው «ታታሪ ተማሪ ነበረች» ከሚለው አያልፍም።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ችግሮች

የክሬዲት ዝውውር። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ኮርስ «ተቀባይነት አግኝቷል» ሲባል እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ለሜጀሩ መቆጠሩን ለይታችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ያዙ።

ሁሉንም ኮርስ ከአንድ መምህር መውሰድ። ሰውየው ጎበዝ ቢሆንም የሚያርማችሁ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ሰጪም አንድ ብቻ ይቀራችኋል።

የቡድን ሥራ ላይ ሁልጊዜ ሰብሳቢ መሆን። በአንዱ ኮርስ ሰብሳቢ ከሆናችሁ በሚቀጥለው ጸሐፊ ወይም መረጃ ሰብሳቢ ሁኑ፤ ትእዛዝ ሲወርድ ከታች ምን ተሰምቶ እንደሚደርስ የሚታወቀው በዚያ ነው።

አድቫይዘር ጋ ባዶ እጅ መሄድ። «ምን ልውሰድ?» ያለ ተማሪ በ10 ደቂቃ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው ኮርስ ተነግሮት ይወጣል። የ8 ሴሚስተሩን ሰንጠረዥ ይዛችሁ ግቡና «የትኛው ነው የማይሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከምዝገባው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ፤ በምዝገባው ሳምንት በሩ ላይ ሰልፍ አለ።